ቁልፉ እናንተ ጋ ያለ፣ የልጆቹን መጽሐፍ ከመስታወቱ አውጡልን

ለከተማችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ተጠሪ ለሆነለት ጽሕፈት ቤት፣ በተለይ ደሞ ለንብረት ክፍሉ

ጉዳዩ፦ ስለ ልጆች መጽሐፍና ስለ ክረምቱ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ትንሽዬ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ስሜን ባልጽፈውም ታውቁኛላችሁ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤያችሁን ኮፒ የማደርግላችሁ እኔ ነኝ፣ ዱቤውንም እናንተም አልረሳችሁትም እኔም አልረሳሁትም፣ ለዛሬ እሱን እንተወው። የከተማዋን ስም ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ ሲወጣ ካሉት ብርዳም ከተሞች አንዷ ናት ብል ይበቃል። ነገሩ የአንድ ከተማ ነገር አይመስለኝም፣ የታርማ በርን ጉም አልፎ ቆላ ለወረደውም ወደ መርሐቤቴ ለተሻገረውም ሰው ሳወራው "እኛም ጋ እኮ እንደዚሁ ነው" ነው የሚለኝ። ደሞ እዛ ቤት የሚሠሩትን ሰዎች ማሳጣት አልፈልግም፣ ጥፋቱ የነሱ እንዳልሆነ ወደ ታች ስወርድ ትሰሙኛላችሁ።

ነገሩ የጀመረው የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና አልቆ ልጆች እረፍት የወጡ ጊዜ ነው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ 8 ዓመቷ። እናቷ ገበያ ስለነበረች እኔ ጋ ዋለች፣ ግማሽ ቀን ያህል ጨዋ ነበረች ከዛ ሰለቻት፣ ወረቀት አበላሸችብኝ፣ ቶነር ነካክታ እጇ ከሰል ጠራጊ መሰለ፣ ደንበኛ ሲገባ ወንበሩ ላይ ቆማ ትዘፍናለች፣ በቃ ነይ አልኳትና እጇን አስታጥቤ መንገዱን ተሻገርን። የበሩ ጥበቃ ጋሼ "ለማን ነው?" አሉኝ። "ለሷ" ስላቸው ከላይ እስከ ታች አይተዋት ሳቁ። የክፋት ሳቅ አይደለም፣ ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፣ እንዲሁ እዚያ በር ላይ ቆመው እንደሷ የምታክል ልጅ ገብታ አይተው ስለማያውቁ ነው።

ውስጡን ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ ግን ያለው ሰው በሙሉ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፣ ጋቢውንና ጃኬቱን ደርቦ የራሱን ደብተርና የራሱን ሃንድአውት (አብዛኛው እኔ ጋ ኮፒ የተደረገ) ዘርግቶ ያጠናል። እውነቱን ለመናገር አንድም ሰው የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ ይዞ አላየሁም። ይሄን ለነቀፋ አይደለም የማወራው፣ ቤቱ ጠባብ፣ መብራቱ የሚሄድበት፣ ታናሽ ወንድሙ የሚያለቅስበት ልጅ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ብቻ ቤተ መጻሕፍት ሲባል ማጥኛ ቤት ሆኖ ቀርቷል፣ ማጥኛ ቤት ውስጥ ደሞ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ምን ታደርጋለች?

በስተቀኝ ጥጉ ላይ ባለ መስታወት ቁም ሳጥን አለ። "የሕፃናት" ተብሎ በማርከር ተጽፎበታል፣ የቻይና ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። ውስጡ ያለውን በመስታወቱ አይቼ ያነበብኩትን ልንገራችሁ፣ ከላይ ከውጭ በእርዳታ የመጡ የእንግሊዝኛ መጽሐፎች፣ በረዶ የሚያቦካ ልጅ፣ ሱሪ የለበሰ ድብ ምናምን። ከታች ቀጫጭን የአማርኛ መጽሐፎች ጀርባቸው እንኳን ስለማይነበብ እንደ ደረሰኝ ጥራዝ ተደራርበው። አንዷ ብቻ ሽፋኗ ወደ ውጭ ዞሮ ቆማለች፣ ፍየል ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥታ ከታች ሰው ሁሉ አንጋጦ ያያታል። ልጄ እዚህ ጋ ስትደርስ ቆመች። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች፣ ትንፋሿ አደበዘዘው፣ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችው፣ እንደገና አደበዘዘው፣ እንደገና ጠረገችው። "አባዬ፣ እንዴት ወጣች?" አለችኝ። እኔ ምን አውቄ። "ከዛስ እንዴት ወረደች?" ሄጄ ሠራተኛዋን ጠየቅኳት፣ ትክፈትልንና እዚሁ ቁጭ ብለን አንብበን እንመልስ።

"ብከፍትላችሁ ደስ ባለኝ ወንድሜ" አለችኝ፣ ደሞ ደስ እንደሚላት ፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ "ግን በስሜ ነው ያለው።"

እኔ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ኋላ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ ሱቄ ገብታ አስረዳችኝ። መጽሐፍ ሲመጣ ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ገቢ ይሆናል፣ ከንብረት ክፍል ለሷ ሲሰጥ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በሷ ፊርማ ይያዛል፣ ከዛ በኋላ መጽሐፉ መጽሐፍ መሆኑ ቀርቶ የሷ እዳ ነው። ቆጠራ ሲመጣ አንድ ቢጎድል ወይ ሽፋኑ ቢገነጠል ማብራሪያ ጻፊ ትባላለች፣ ሲብስ ከደሞዟ ይቆረጣል። እስቲ በእግዜር፣ እናንተስ ብትሆኑ ለ5 ዓመት ልጅ አውጥታችሁ ትሰጣላችሁ? እኔ አልሰጥም። እኔ ብሆን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ ነው የማስረው።

እንግዲህ የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር እዚች ጋ ናት። ወንበርና መደርደሪያ በሚመዘገብበት መንገድ የሕፃን መጽሐፍም ይመዘገባል። የሕፃን መጽሐፍ ግን ሥራው ማለቅ ነው፣ እንደ ቾክ ነው፣ እንደ ሳሙና ነው። ሕፃን መጽሐፍ በዓይኑ ብቻ አያነብም፣ ይዳስሰዋል፣ ያጥፈዋል፣ የወደደውን ገጽ መላልሶ ስለሚከፍት እዛው ጋ ይተረተራል፣ ቆሎ የያዘ እጅ ያርፍበታል። ቆጠራ ላይ አንድም ሳይጎድል አንድም ሳይቀደድ የተገኘ የሕፃናት መጽሐፍ "በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል" ተብሎ ይጻፍለታል። እኔ ሳነበው "ማንም አልነካውም" ነው የሚለኝ። ስለዚህ የልጆቹ መጽሐፍ ከቋሚ ንብረት ወጥቶ እንደ አላቂ ዕቃ ይያዝ። ወረቀትና እስክሪብቶ አላቂ ተብሎ ይያዝ የለ? እስክሪብቶ አለቀ ተብሎ ከማን ደሞዝ ተቆረጠ? እሱም አይቻልም ካላችሁ ያረጀ ዕቃ የሚያስወግድ ኮሚቴ አላችሁ፣ የተበላሸ ወንበርና አሮጌ ኮምፒውተር እንደሚያስወግደው በየዓመቱ የተነበበ መጽሐፍም ያስወግድ፣ ቃለ ጉባኤውን እኔ በነፃ ነው ኮፒ የማደርገው። ሠራተኛዋ ላይ ያለው እዳ ካልተነሳ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። አዲስ መጽሐፍ ብትገዙ፣ ለጋሽ ሁለት ካርቶን ቢልክ፣ ቁም ሳጥን ብትጨምሩ የሚጨመረው ጓጉንቸር ነው።

ወደ ክረምቱ ልምጣ፣ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ይዘጋል። የመንግሥት በጀት ዓመትም ሰኔ 30 ይዘጋል። የሁለቱ መገጣጠም ነው ጉዱን ያመጣው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ቤተ መጻሕፍቱ ደሞ ለቆጠራ ይዘጋል። "ለንብረት ቆጠራ ዝግ ነው" የሚለውን ማስታወቂያ ፕሪንት የማደርገው እኔ ነኝ እኮ! ፋይሉ ኮምፒውተሬ ላይ አለ፣ በየዓመቱ ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ነው የምቀይረው። ከቆጠራው በኋላ ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ ይወጣል (መብቱ ነው፣ አይከፋኝም)፣ ከዛ አንዱ ለዘመቻ ይሄዳል፣ አንዱ ስልጠና ይገባል፣ በሩ በደንብ የሚከፈተው ልጆቹ ደብተር ገዝተው ክፍል ሲገቡ ነው። ሐምሌ 30 ቀን፣ ነሐሴ 30 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ቀን። ለልጆች ነፃ የሆኑት 65 ቀናት ናቸው በሩ የሚዘጋባቸው። በቀረው ጊዜ ደሞ በሥራ ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ቅዳሜና እሁድ የለም፣ ልጅ ደሞ በሥራ ሰዓት ክፍል ነው ያለው። እስቲ መቼ ይምጣ?

ሱቄ በር ላይ ሆኜ ክረምቱን የማየውን ታውቁታላችሁ። አያቶቹ ገጠር ያሉለት ሄዶ ከብት ይጠብቃል፣ እሱ እንኳን ደህና ነው፣ ቢያንስ ማታ ተረት ይሰማል። አንዳንዱ ቆሎ ይሸጣል፣ ሊስትሮ ይሠራል። ሌላው ጌም ቤት ነው፣ አንድ ልጅ ይጫወታል አስር ልጅ ቆሞ ያያል፣ ዝናቡ ሲመጣ ተጠጋግተው በአንዱ ስልክ ቲክቶክ። በጸጥታው ምክንያት ደሞ በክልላችን ስንት ልጅ ስንት ጊዜ ከትምህርት እንደተስተጓጎለ ለናንተ አይነገርም፣ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ድረስ በዜማ የሚልልህ፣ አንዱን ፊደል ነጥለህ ስታሳየው ግን የሚጠፋበት ልጅ እዚህ ሰፈር ራሴ አውቃለሁ። ሰላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፣ ይሄ ሁሉ በገበታ ተሸምድዶ አይገባም፣ የሚገባው ልጁ አንድ ነገር ለማወቅ ሲቸኩል ነው፣ ለምሳሌ ፍየሏ እንዴት እንደወረደች።

ሌላው ደሞ አዳራሹ ውስጥ በየግድግዳው የተለጠፈው "ጸጥታ" የሚለው ነገር። ለተፈታኞቹ ልክ ነው። ግን በኛ አገር ንባብ ድምፅ ነበረው እኮ። የኔታ ጋ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቀዋል፣ ልጆች ሁሉ በአንድ ላይ እየጮሁ በስንደዶ እየጠቆሙ ፊደል፣ ከዛ አቡጊዳ፣ እያለ እያለ ዳዊት ይደርሳሉ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ቤተሰቡ ድግስ ይደግስለት ነበር፣ ለማንበቡ! አያቴ ይሄን ሲያወሩ ስለ ሰርጋቸው ከሚያወሩት በላይ ነበር የሚያምርባቸው። ልጅ ንባብ ሲጀምር ዝም ብሎ አይጀምርም፣ ጮክ ብሎ ነው፣ ደሞ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ትልቅ ሰው ይፈልጋል።

በተለይ አማርኛ ይፈልጋል። ጥብቅና ላላውን ፊደላችን አያሳይማ! በቀደም ለልጄ እንድትለማመድ "በጉ ገና አልበላም" ብዬ ጻፍኩላት። አንብባው ግራ ገባት፣ ትንሽ አሰበችና "አባዬ፣ በግ ገናን ይበላል እንዴ? እኛ አይደለን በገና በግ የምንበላው?" አለችኝ። አጥብቃ አንብባው ነው። እኔ ጮክ ብዬ አላልቼ ሳነብላት ሳቀች፣ ከዛ ወዲህ "ገና" የሚል ባየች ቁጥር ሁለቱንም ትሞክርና የቱ እንደሚያስኬድ ትመርጣለች። ይሄን ከፊደል ገበታ አታገኘውም፣ ጉልበትህ ሥር ቁጭ ብላ ስታነብላት ነው። ስልክ ላይ ያለ አፕም አያስተምራትም (ሞክሬያለሁ)።

እና ምን ይደረግ ነው የምትሉኝ? አዲስ አበባ በ2014 እንደተከፈተው እንደ አብርሆት ያለ ሕንፃ ሥሩልን አላልኩም። አንድ ታሪክ ግን ላንሳ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሕፃናት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የዓለም ልጅ ሁሉ በቋንቋው መጽሐፍ ሲያገኝ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ፣ ራሳቸው ጻፉ፣ ከዛ አገራቸው ገብተው በ1995 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ ቀጥሎ ደሞ ሐዋሳ ላይ አህያ የምትጎትተው ጋሪ ላይ መጽሐፍ ደርድረው ልጆቹ ወዳሉበት ላኩት። አህያ! ሰሜን ሸዋ አህያ አጥቶ ነው? ቅዳሜ ቅዳሜ ገብስ ጭኖ ከየገጠሩ ወደ ገበያችን የሚገባው አህያ ከሐዋሳው በምን ያንሳል፣ ሲመለስ ደሞ ጭነቱ ቀላል ነው፣ ጨውና ስኳር ላይ አምስት መጽሐፍ ቢጨመርበት ወገቡ አይሰበር። ቀልዴን ነው፣ ግን ደሞ ሙሉ በሙሉ ቀልዴን አይደለም። የገበያ ቀን ብትከፍቱ የገጠር አባት ለልጁ መጽሐፍ ተውሶ በሚቀጥለው ገበያ ይመልሳል፣ ሰው የተዋሰውን ጋን ይመልስ የለ።

ዕድሜ ገደብ ለሚሉትም አንድ ነገር። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የቤተ መጻሕፍት ማኅበራት ፌዴሬሽን ኢፍላ ስለ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ያወጡት ማኒፌስቶ አለ፣ በ1994 በፈረንጅ ወጥቶ በ2022 የታደሰ። አገልግሎቱ ለሁሉም እኩል ነው ይልና "ይህ ሳይለይ ያ ሳይለይ" እያለ ሲዘረዝር ከሃይማኖትም ከቋንቋም ቀድሞ የተጻፈው ዕድሜ ነው። እኛ ጋ በር ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው እንግዲህ።

የዘንድሮን ክረምት እንዴት እንደማስበው ልንገራችሁና የሚስማማችሁን ውሰዱ። ቆጠራው ከልጆቹ ቁም ሳጥን ይጀመር፣ በአንድ ቀን ያልቃል፣ 65 ቀን ለምን ይጠብቃል። ከዛ ተፈታኞቹን እንዳንረብሽ ከኋላ ያለችው ጋዜጣ የሚከመርባት ክፍል ትጽዳ። ወንበር አያስፈልግም፣ ሲሚንቶው ግን ይበርዳል፣ ሐምሌ ላይ እዚህ አገር ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ልጅ ሆዱን ታሞ ነው የሚያድረው፣ ስለዚህ አንድ ሁለት የመንዝ በግ ፀጉር ምንጣፍ ይነጠፍ፣ ከገበያ ማግኘት ከባድ አይደለም፣ የኔ እናት አንድ አሮጌ ልስጣቸው ብላለች። መጽሐፎቹ ሽፋናቸው ወደ ውጭ ዞሮ በልጅ ቁመት ይደርደሩ፣ ፊደል ያልለየ ልጅ በሥዕሉ ነው የሚመርጠው። ማንበብ ማለት መጽሐፍ መያዝ ብቻ አይደለም ደሞ፣ ሳምንት በሳምንት አንድ የሰፈር አዛውንት ይጠሩ፣ "ተረት ተረት" ሲሉ ልጁ "የመሠረት" ሲል፣ እንቆቅልሽ ጠይቀው ያልመለሰው አገር ሲሰጥ (ልጄ ደብረ ብርሃንን ሰጥታኝ አታውቅም፣ ሁሌ የምትሰጠኝ አዲስ አበባን ነው፣ አልወሰድኩም)። ከልጆቹ ውስጥ መጻፍ የሚችለው ተረቱን ይጻፈው፣ መሳል የሚችለው ይሳለው፣ እኔ እጠርዘዋለሁ፣ ያው አንድ የልጆች መጽሐፍ ጨመርን ማለት ነው፣ ሞዴል 19 አይፈልግም።

ጊዜውን ስታወጡ ግን አስቡበት። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፣ ብዙ ልጅ ይጾማል ይቆርባል፣ ከእኩለ ቀን በኋላ ቅዳሴ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አድርጉት። የእስላም ልጆችም ቁርዓን የሚቀሩበት ሰዓት አለ፣ ወላጆቻቸውን ጠይቁ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ሲሉ በየሰፈሩ ግጥሙ ይለያያል፣ የላይ ሰፈር ልጅ የሚለውን የታች ሰፈር ልጅ አያውቀውም፣ እየጠፋም ነው፣ አሁን ሁሉም ከዩቲዩብ የሰማውን ነው የሚጨፍረው። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ መጥተው ይጨፍሩ፣ ሙልሙሉ ሲሰጣቸው በምላሹ የሰፈራቸውን ግጥም ያስመዝግቡ። ጅራፉን ግን ከውጭ ይተውት፣ መስታወቱን እንዳይገላግሉልን።

ከሁሉም የምወደው ግን እንቁጣጣሽ ነው። ታስታውሱት እንደሆነ እኛ ልጅ ሆነን ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ አበባና መልአክ እየሳልን፣ ከለር ከአንድ ፓኬት ለአምስት ልጅ እየተካፈልን፣ ቢጫው ቀድሞ ያልቅብን ነበር (አደይ አበባ ነዋ)፣ መስከረም 1 ጠዋት በየቤቱ እየዞርን ሥዕሉን ሰጥተን ሳንቲም እንቀበላለን። አሁን የኔ ሱቅ የሚመጡት ልጆች ምን ይሉኛል፣ "ጋሼ፣ የተሳለ አበባ ከኢንተርኔት አውጥተህ በከለር ፕሪንት አድርግልን።" ገንዘብ ነው፣ አደርግላቸዋለሁ፣ ግን ደስ አይለኝም። አምና አንዱ ሽማግሌ ከአራት ልጆች አራት አንድ ዓይነት አበባ ተቀብለው አራቱንም ይዘው ሱቄ መጡ፣ "ይሄ ያንተ ሥራ ነው አይደል?" አሉኝና ሳቁብኝ። ጳጉሜን በሙሉ ያቺ ክፍል ክፍት ሆና ነጭ ወረቀትና ከለር ቢቀመጥ፣ ሴቶቹም አበባየሆሽን እዛው ቢለማመዱ፣ እኔ የከለር ፕሪንት ገበያዬ ይቅርብኝ።

ትንሽ ድራማም ይሞከር። አውሬ ሆኖ መጫወት ልጅ ይወዳል፣ ጅብ የሚሆነው ላይ ጠብ ይነሳል እንጂ። የአገራችን የመጀመሪያው ቴአትር ራሱ "ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ" አይደል፣ የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ደሞ የዚሁ የሰሜን ሸዋ፣ የሳያደብር ሰው ናቸው። የሳቸው አውሬዎች የመንግሥትን አስተዳደር ነክተው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቴአትሩ ታገደ። የኛዎቹ ጦጣዎች ማንንም አይነኩም፣ አትፍሩ። ምናልባት የንብረት ክፍልን።

መጽሐፍ ከየት ይመጣል ለምትሉኝ፣ መጀመሪያ በቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን አውጡ። ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል አለ፣ የአፍሪካ ልጆች ተረቶች ከነሥዕላቸው በብዙ የአፍሪካ ቋንቋ፣ በአማርኛም ያሉበት፣ የጸሐፊውንና የሠዓሊውን ስም ሳትሰርዝ አትመህ ልጅ ማስነበብ የተፈቀደ ነው፣ ሌባ አትባልም። እኔ ሞክሬዋለሁ። 16 ገጽ ያላት መጽሐፍ በአራት ኤፎር ወረቀት ፊትና ጀርባ ታትማ መሃሏ ታጥፋ በረጅሙ ስቴፕለር ሁለት ቦታ ትመታለች፣ ሽፋኗን ወፈር ባለ ወረቀት ካደረግኸው ክረምቱን ትችላለች፣ ከተቀደደች ሌላ ይታተማል፣ ማብራሪያ የሚጽፍ የለም። ወረቀቱን እናንተ ካመጣችሁ ቶነሩና ጉልበቱ ከኔ፣ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሃምሳ መጽሐፍ ድረስ ቃል እገባለሁ፣ ከሃምሳ በላይ ከሆነ እንነጋገራለን፣ ቶነር ዋጋው የት እንደደረሰ ሳታውቁ አትቀሩም። ለማንበብም ቅዳሜ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሱቁን ለወንድሜ ትቼ እመጣለሁ። ከመምህራን ኮሌጅ የወጡና ሥራ የሚጠብቁ ሁለት የሰፈራችን ልጆችም እንመጣለን ብለዋል፣ አበል አልጠየቁም፣ ሻይ ግን ይጠጣሉ።

ዛሬ ሰኔ 18 ነው። የቆጠራውን ማስታወቂያ ለማሳተም ሰው እንደምትልኩ አውቃለሁ፣ ብዙ ጊዜ 25 አካባቢ ነው የምትመጡት። ዘንድሮ ፋይሉን ከፍቼ ከሥሩ አንዲት መስመር ጨምሬ ነው የምጠብቃችሁ፣ "የሕፃናት ክፍል ክፍት ነው" የምትል፣ በትልቁ፣ በቦልድ። ካልተስማማችሁ አጥፍቼ አትምላችኋለሁ፣ ሥራዬ ነው።

የፍየሏን ነገር ግን፣ መጽሐፏን ማውጣት ለጊዜው ካልተቻለ፣ ከእናንተ አንዳችሁ ቁልፉን ስትይዙ አንብባችሁ እንዴት እንደወረደች ሱቁ ድረስ ብቅ ብላችሁ ንገሩኝ። ከጥር ጀምሮ እየጠየቀችኝ ነው፣ እኔ በመሰላል አልኳት፣ አላመነችኝም።

የኮፒ ቤቱ ጎረቤታችሁ